እፍ የሚለው እንግዳ

አንድ ጊዜ፣ የፀሐይ ብርሃን እስከ ታች አሸዋው ድረስ በሚወርድበት ሞቃት ባሕር ውስጥ፣ አንድ ትልቅ የድንጋይ መንደር ነበረ። ድንጋዩ ቀዳዳ በቀዳዳ ነው። በየቀዳዳው ዓሣ ይኖርበታል። ቢጫው፣ ሰማያዊው፣ ባለ መስመሩ፣ ሁሉም በየቤቱ። ከእነዚህ መካከል ውድነሽ የምትባል ጅራቷ ቢጫ የሆነ ትንሽ ዓሣ ነበረች። አምስት ልጆች አሏት። የመጀመሪያ ወሊዷ ስለሆነ ልቧ አርፎ አያውቅም። ሲዋኙ ትቆጥራቸዋለች፣ ሲበሉ ትቆጥራቸዋለች። ቆጥራ ስትጨርስ ደግሞ የቆጠረችውን ትጠራጠርና እንደገና ትጀምራለች።

«ምጥን! ዋሴ! ትርፌ! አንጓች! ልመንህ!»

«አቤት እማዬ!»

«ሁላችሁም አላችሁ?»

«አሁን ቆጠርሽን እኮ እማዬ!»

«እና ብደግመው ምን ትሆናላችሁ?»

በዚያ መንደር አንድ የከበረ ደንብ ነበረ። ውሃ ሲመጣ ፊት ይሰጠዋል። ከቀኝ ቢመጣ ወደ ቀኝ፣ ከግራ ቢመጣ ወደ ግራ፣ ሁሉም አንድ ላይ ዞሮ አፉን ወደ ውሃው ያደርጋል። ምክንያትም አለው። ከኋላ የመጣ ውሃ ቅርፊት ይገለብጣል፣ ትንፋሽ ያሳጣል፣ ትንሽ ልጅ ካገኘም ጠራርጎ ይወስዳል። ምግብም የሚመጣው በውሃው ላይ ነው። ስለዚህ ልጅ ከእንቁላሉ እንደወጣ እናቱ መጀመሪያ የምታስተምረው ይህንኑ ነው። ለውሃ ጅራቱን የሰጠ ልጅ «ስድ» ይባላል፣ «አሳዳጊ የበደለው» ይባላል። እናቱም በጎረቤት ፊት አንገቷን ትደፋለች።

ውድነሽ በዚህ ነገር ቀልድ አታውቅም። ውሃው ትንሽ ንቅንቅ ሲል «ፊት ወደ ውሃው!» ትላለች። አምስቱም ቀልጠፍ ብለው ይዞራሉ። ያን ጊዜ ብቻ ደረቷ ትንሽ ቀለል ይላታል።

አንድ ቀን ጠዋት ወደዚህ መንደር አንድ እንግዳ ነገር መጣ። ከየት እንደመጣ ማንም አያውቅም። ቀይና ነጭ መስመር አለው። በግራና በቀኙ እንደ ላባ የተዘረጋ ነገር አለው። ጀርባው ላይ ደግሞ እንደ አንበሳ ጎፈር የቆመ ረጃጅም እሾህ። ቀስ ብሎ፣ የሚቸኩልበት ነገር እንደሌለው ሁሉ፣ ውሃው ላይ ተንሳፍፎ ገባ።

መንደሩ ሁሉ ወጥቶ አየው።

«ሣር ነው» አለ አያ ሸርጣን፣ ከቀዳዳው ግማሽ አካሉን ብቅ አድርጎ። አያ ሸርጣን የመንደሩ ወሬኛ ነው። ያየውን ያወራል፣ ያላየውን ደግሞ አሳምሮ ያወራል።

«ሣር ዓይን አለው እንዴ?» አለች ውድነሽ።

«የሩቅ አገር ሣር ሊኖረው ይችላል።»

«እኔስ ላባ መሰለኝ። ከወፍ የወደቀ» አለች እትዬ ባፈና። እትዬ ባፈና የውድነሽ ጎረቤት ናት፣ ብዙ የወለደች፣ ብዙ ያሳደገች እናት።

«ላባ ሲሆን ታዲያ ወደፊት ይዋኛል?»

«እኔ ምን አውቄ ልጄ! የመሰለኝን ነው የተናገርኩት።»

«ሣርም ሆነ ላባ ይበላል ወይ? እሱን ንገሩኝ» አለ አያ ከርሶ። አያ ከርሶ ግዙፍ፣ አፈ ሰፊ ዓሣ ነው። የብስ ላይ ጅብ የሚሉት አለ አይደል? ባሕር ውስጥ ያለው ጅብ እሱ ነው። ሆዱ ቀድሞ ይደርሳል፣ አሳቡ ሦስት ቀን ዘግይቶ።

ውድነሽ ልጆቿን በጀርባዋ በኩል ሰብስባ ቆመች። ትፍራ ወይስ አትፍራ ግራ ገባት። እሷ የምታውቀው አዳኝ ሌላ ነው። ጥርሱ ያብለጨልጫል፣ ጅራቱ ይጋረፋል፣ ሲመጣ ውሃው ይናወጣል። «መጣ!» ይባላል፣ ሁሉም ወደየቀዳዳው ይገባል፣ አለቀ። ይህ ግን ጥርሱም አይታይ፣ አይሮጥም፣ አይቆጣም። እንዲያውም ድንጋዩ ሥር ገብቶ ራሱን ወደ ታች፣ ሆዱን ወደ ላይ አድርጎ ተዘቅዝቆ ቆመ። ቀኑን ሙሉ እንዲያ ዋለ። አልተንቀሳቀሰም፣ አልቀመሰም።

«ገባኝ!» አለ አያ ሸርጣን በሦስተኛው ቀን። «ባሕታዊ ነው!»

«ምን ነው?»

«ባሕታዊ! አታዩም እንዴ? ቀኑን ሙሉ ተዘቅዝቆ ይጸልያል። እህል ውሃ ሲቀምስ ያየ አለ? የለም! ጾመኛ ነው።»

«ሄደህ ጠይቀው እንግዲህ» አሉት።

አያ ሸርጣን በጎኑ እየተንሸራተተ ሄደ። መንደሩ በሩቁ ጆሮውን አቅንቶ ቆመ።

«ጌታዬ፣ ይቅርታ ያርጉልኝና፣ እርስዎ ምግብ ይበላሉ?»

«እበላለሁ እንጂ» አለ እንግዳው፣ እንደተዘቀዘቀ። «ሳይበላ ማን ይኖራል?»

አያ ሸርጣን እየሮጠ ተመለሰ። «ሰማችሁ? ሰማችሁልኝ? ጾሙን ይደብቃል! እውነተኛ ጾመኛ እንዲህ ነው፣ ጾምኩ ብሎ አያወራም!»

«ግን እኮ እበላለሁ አለ» አለች ውድነሽ።

«ስለዚህማ ነው!»

«አልበላም ቢልህ ኖሮስ?»

«ያኔማ አልበላም ስላለ ጾመኛ ነው።»

ነገሩ ዞረባት። ሌሎቹን አየቻቸው። ሁሉም ራሳቸውን እየነቀነቁ ነው። ሁሉም ከገባቸው እኔ ነኝ የማልረባው ብላ እሷም ራሷን ነቀነቀች።

ከዚያ ወዲህ ልጆች መጥፋት ጀመሩ።

መጀመሪያ ከማዶው ድንጋይ ሁለት። ከዚያ ከእትዬ ባፈና ቤት ሦስት። ጩኸት የለ፣ ሩጫ የለ፣ የወደቀ ቅርፊት የለ። ጠዋት አሉ፣ ሲመሽ የሉም። እናቶች በየቀዳዳው እየተጣሩ ዞሩ። አዳኝ መጥቶ ቢሆን ውሃው ይናወጥ ነበር። ታዲያ ማን ወሰዳቸው?

«ውሃ ነው የወሰዳቸው» አለ አያ ሸርጣን። «ዞረው ስላልቆሙ ነው። የዛሬ ልጅ ደንብ መች ያከብራል!»

እናቶች ይህን ሲሰሙ ባሰባቸው። ልጆቻቸውን ጠዋት ማታ መዞር ማስለመድ ያዙ። እሱም አልበቃ ብሏቸው፣ ልጆቻቸውን ወደ ባሕታዊው ይዘው መሄድ ጀመሩ። «እፍ ይበልባቸው» ተባለ። ባሕታዊው ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ከድንጋዩ ሥር ይወጣል። ላባውን በግራና በቀኝ እንደ ጥላ ይዘረጋል። ልጆች በላባው መሐል ገብተው ድንጋዩን ተጠግተው ይቆማሉ። እሱም ቀስ ብሎ ይጠጋና በአፉ ውሃ ይነፋባቸዋል፣ እፍ። ልጆቹም ውሃ መጣ ሲሉ እንደ ሥርዓታቸው ፊታቸውን ወደ እሱ ያዞራሉ።

«አቤት ሥርዓት!» ይላሉ እናቶች። «እንዴት አምሮባቸው ሲዞሩ!»

ዓሣ ዓይኗን መጨፈን አትችልም፣ ክዳን የላትም። ስለዚህ ለአክብሮት ግንባሯን ወደ አሸዋው ትደፋለች። ባሕታዊው እፍ ሲል እናቶች ሁሉ ግንባራቸውን አሸዋ ላይ ደፍተው ይቆማሉ። ሲጨርስ ቀና ብለው ልጆቻቸውን ሰብስበው ይሄዳሉ። ልጅ ብዙ ነው፣ ግርግሩም ብዙ ነው። የማን ልጅ ከማን ጋር እንደሄደ እስኪለይ ይመሻል።

ውድነሽም አምስቱን ይዛ ሄደች። ቤቷ ገብታ ብትቆጥር አራት ናቸው።

እንደገና ቆጠረች። አራት። ከኋላ ወደ ፊት ቆጠረች። አራት።

«አንጓችስ?»

«ከኛ ጋር ነበር» አለች ምጥን።

«የት ድረስ?»

«እፍ እስኪባል ድረስ።»

ያን ዕለት ውድነሽ ያልገባችበት ቀዳዳ፣ ያልጠየቀችው ዓሣ የለም። አያ ሸርጣን በሩ ላይ ተቀምጦ ጠበቃት።

«ልጅሽ ሲዞር ፈጠን ይል ነበር ወይስ ይዘገይ ነበር?»

«እኔ እንጃ… አንዳንዴ ዘግየት ይል ነበር መሰለኝ።»

«ይኸው! ራስሽ ተናገርሽው።»

ውድነሽ ጥፋቱ የሷ እንደሆነ አመነች። የቀሩትን አራቱን ክንፋቸው እስኪዝል አዞረቻቸው። ወደ ቀኝ! ወደ ግራ! ከሁሉ ቀድሞ የሚዞረው ልመንህ ነበር። ውሃው ገና ሳይደርስ የሚዞር፣ መንደሩ ሁሉ የሚያመሰግነው ልጅ። በሦስተኛው ቀን እፍ ሊያስብሉ ሄደው ሲመለሱ የጠፋው ልመንህ ሆነ።

አሁን ውድነሽ ጭራሽ ውሉ ጠፋባት። አንጓች ባለመዞሩ ጠፋ እንበል። ልመንህስ? እሱ ከማንም በፊት ይዞር አልነበረም እንዴ? የዘገየውም ጠፋ፣ የፈጠነውም ጠፋ። እና ልጅ እንዴት ሆኖ ነው የሚተርፈው? ይህን ይዛ ወደ ማን እንደምትሄድ አላወቀችም። በመጨረሻ ሁሉም ክፉ ወደሚሉት ሄደች።

«አያ ከርሶ! ልጆቼን መልስ!»

«የትኞቹን?» አለ አያ ከርሶ።

«አንጓችን! ልመንህን!»

አያ ከርሶ አሰበ። ሲያስብ አፉ ይከፈታል። «ልበላቸው አስቤ ነበር። አልዋሽሽም። ግን ሳልደርስባቸው አለቁ። እኔም እኮ ተበድያለሁ! ሰሞኑን አፌን ከፍቼ እውላለሁ፣ የሚገባልኝ ውሃ ብቻ ነው። በላተኛው እኔ ከሳሁ፣ ጾመኛው እሱ ወፈረ። ይህ ምን ዓይነት ፍርድ ነው?»

ውድነሽ ልትሰድበው የከፈተችው አፍ እንደተከፈተ ቀረ። «ወፈረ ነው ያልከው?»

«ዓይን የለሽም? የመጣ ዕለት ሆዱ እንደ ቅጠል ነበር። ዛሬ እኔን አክሏል።» አያ ከርሶ በገዛ ንግግሩ ተመሰጠ። «ቆይ እስቲ… እሱን ብበላው በጾም ያጠራቀመውን ስብ ሁሉ ባንዴ አገኝ የለ?»

«አያ ከርሶ! ባሕታዊ ይበላል እንዴ?»

«አጥንቱን እተውላችኋለሁ።»

ብሎ ሄደ። ድንጋዩ ሥር የተዘቀዘቀውን እንግዳ አየ፣ አፉን እንደ ዋሻ ከፈተ፣ ገመጠ። ወዲያው «ኡኡኡ!» የሚል ድምፅ መንደሩን አናወጠው። እንግዳው ከቦታው አልተነቃነቀም። የጀርባው እሾህ ብቻ ቀጥ ብሎ ቆሟል። አያ ከርሶ ከንፈሩ ተወግቶ፣ ወዲያው አብጦ፣ ዓይኑ እንባ የሌለው ለቅሶ እያለቀሰ አሸዋ ላይ ተንከባለለ።

«እኔን! እኔን! ተቃጠልኩ! ከንፈሬ አለ? እዩልኝ፣ ከንፈሬ አለ?»

«አለ፣ እንዲያውም በዝቷል» አለው አንዱ።

«ተቀሰፈ!» አለ አያ ሸርጣን፣ እጆቹን ሁለቱንም አንሥቶ። «ቅዱሱን ነክቶ ተቀሰፈ! አያችሁ? አያችሁ አይደለም?»

ሁሉም አየ። እሾህ እንደሆነ ውድነሽም አየች። ግን ሁሉም «ቅሥፈት» ሲል እሷ «እሾህ» ብትል ማን ይሰማታል? በማግሥቱ ወደ እንግዳው የመጡ እናቶች በእጥፍ በዙ።

ውድነሽም በማግሥቱ ሦስቱን ይዛ ሄደች። ለምን ሄደች ትሉ ይሆናል። ጭንቅ ያለባት እናት ሁሉም ወደሚሄድበት ትሄዳለች፣ ቀርታ ልጇ ቢታመም ቢጠፋ «ሄጄ ቢሆን» ብላ እንዳትቃጠል። ልቧ ግን እንደሌሎቹ አልሆነም። «ወፈረ» የሚለው ቃል ጆሮዋ ውስጥ ቀርቷል።

ፀሐይ አዘቀዘቀች። ባሕሩ ያን ቀን እንደ ዘይት ረግቶ ነበር፣ ከየትም ውሃ አይመጣም። እንግዳው ላባውን ዘረጋ። ልጆች መሐል ገቡ። እናቶች ግንባራቸውን ደፉ። ውድነሽም ደፋች።

አልቻለችም። ልቁጠራቸው አለች። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ቶሎ። ቀና አለች።

ምጥን አለች። ዋሴ አለ። ትርፌ አለ። ከትርፌ አጠገብ ለእትዬ ባፈና ከቀሯት ሁለት ልጆች አንዷ፣ ነጠብጣቧ ቆማለች። እንግዳው ቀረበ። እፍ አለ። ነጠብጣቧ ትንሽ ዓሣ ውሃው ሲነካት ዞር አለች፣ አፏን ወደ እሱ አደረገች። እንዴት አምሮባት ዞረች! የእንግዳው አፍ ተከፈተ። ተዘጋ። ነጠብጣቧ የለችም።

ይኸው ነው። ጩኸት አልነበረም። ውሃው እንኳን አልተናወጠም። ዓይን እስኪርገበገብ ድረስ እንኳን አልቆየም። ሌሎቹ ልጆች ፊታቸውን ወደ እሱ አድርገው በጨዋነት ቆመዋል።

ውድነሽ ያየችውን አላመነችም። አየሁ ወይስ መሰለኝ? ልጅ ነበረች እዚያ ወይስ አልነበረችም? እየበረረች መሐል ገብታ ሦስቱን ልጆቿን በአፍንጫዋ እየገፈተረች አወጣች።

«ምን ሆነሽ ነው?» አለች እትዬ ባፈና፣ ከአሸዋው ቀና ብላ። «ገና አላለቀም እኮ!»

«ልጅሽ! እትዬ፣ ልጅሽን በላት!»

«ማን?»

«እሱ! እፍ አለ፣ ዞረች፣ ዋጣት!»

«አንቺ ቀና ብለሽ ነበር እንዴ?» አለች እትዬ ባፈና፣ ልጇን ከመፈለጓ በፊት። ከዚያ ፈለገቻት። ሁለት ነበሩ የቀሯት፣ አንዷ አለች። «ወዲያ ማዶ ሄዳ ይሆናል» አለች። የቀረችውን ግን ወደ ጎኗ አስጠጋቻት።

አያ ሸርጣን እየተንሸራተተ ደረሰ። «ውድነሽ፣ ልጅ ያጣ አእምሮው ይዞራል፣ አንፈርድብሽም። ግን እንደምትዪው ቢሆን፣ ውሃ ሲመጣ ምን እናድርግ ነው የምትዪው?»

«አንዙር።»

«አንዙር? ጅራታችንን ለውሃ እንስጥ?» ሳቀ። መንደሩም ሳቀ። «ልጆቻችን ስድ ይሁኑልሽ?»

ውድነሽን እናቷ ዙሪ ብላታለች፣ እሷም ልጆቿን ዙሩ ብላለች። እውነትም ከኋላ የመጣ ውሃ ልጅ ይወስዳል። እሷ ራሷ የሰፈሯን አንድ ልጅ ውሃ ሲወስደው አይታለች። ታዲያ ዙሩ ማለት ነው የሚያድን ወይስ አትዙሩ ማለት? ሁለቱም እውነት ሆነው ሁለቱም የሚገድሉ ከሆነ እናት ምን ትበል?

በማግሥቱ ሲመሻሽ ወደ እንግዳው አልሄደችም። ከቤቷ ደጃፍ፣ ድንጋዩን ተጠግታ፣ ሦስቱን አጠገቧ አድርጋ ቆመች። አልሄደችለትምና እሱ መጣ።

ቀስ ብሎ፣ ሳይቸኩል፣ በእነሱና በቤታቸው ቀዳዳ መካከል ገባ። ላባውን በግራ ዘረጋ። በቀኝ ዘረጋ። ከኋላቸው ድንጋይ ነው። መውጫ የለም።

«ምሽቱ ደህና ነው?» አለ እንግዳው።

«አንተ ባሕታዊ አይደለህም!» አለች ውድነሽ። ከፍርሃት ብዛት «እርስዎ» ማለቱ ጠፍቷት ነበር።

«ነኝ ብያለሁ?» እንግዳው የተገረመ ይመስላል። «ጠየቃችሁኝ፣ እበላለሁ አልኳችሁ። ሰው ስም ሲያወጣልኝ እኔ ምን ላድርግ?»

«ልጆቼን በላህ!»

«ራሳቸው እኮ ናቸው የሚዞሩልኝ። እንዲህ በደንብ የተቀጣ ልጅ እኔ በመጣሁበት አገር አላየሁም። ማን አሳደጋቸው?»

ይህ ንግግር ከእሾህ ይልቅ ወጋት።

እፍ አለ።

ውሃው ሲነካት የውድነሽ ገላ ሳትጠይቀው ዞር ሊል ጀመረ። ከእንቁላል ከወጣች ጀምሮ የለመደችው ነው። በግድ ያዘችው። ልጆቿ ግን መዞር ጀምረዋል።

«አትዙሩ!»

«እማዬ፣ ውሃ መጣ እኮ!» አለ ዋሴ።

«አትዙሩ አልኳችሁ!»

«ዙሩ ያልሽን አንቺ አይደለሽ?» አለች ምጥን ልታለቅስ ደርሳ። «ትናንትና ዙሩ፣ ዛሬ አትዙሩ! የቱን እንስማ?»

ትርፌ ግማሽ ዞሮ ግማሽ ቆመ። ዋሴ ወደ እናቱም ወደ ውሃውም እያየ ይወዛወዛል። እንግዳው ቀረብ አለ። አፉ ለሁለተኛው እፍ ክብ ሆነ።

ያን ጊዜ ውድነሽ ገባት። ቃል አይሠራም። ዕድሜያቸውን ሙሉ በዚሁ አፍ ዙሩ ስትላቸው ኖራለች፣ ይኸው አፍ ዛሬ አትዙሩ ቢል ማን ያምነዋል? ጊዜም የለም። ስለዚህ ሌላ ነገር አደረገች። ፊት ለፊታቸው፣ እያዩዋት፣ ቀስ ብላ ጀርባዋን ለውሃው ሰጠች። ቢጫ ጅራቷን ወደ እንግዳው አፍ አደረገች።

ልጆቿ እናታቸው እንዲህ ስታደርግ አይተው አያውቁም። ማንም እናት እንዲህ ስታደርግ አላዩም። ምጥን ደነገጠች። ከዚያ እናቷን ተከትላ ዞረች። ዋሴ ዞረ። ትርፌም ዞረ።

እፍ። እንግዳው እንደገና እፍ አለ። ማንም ወደ እሱ አልዞረም።

ዓሣ ከራሱ በኩል ሲዋጥ እሾሁና ክንፉ ተጣጥፎ ይገባል። ከጅራቱ በኩል ሲዋጥ ግን እሾሁ ተነሥቶ ጉሮሮ ይቧጥጣል። እንግዳው ይህን ያውቃል። ስለዚህ ጠበቀ። እፍ፣ እፍ አለ ደጋግሞ። ወደ ግራ ዘመም ብሎ ሞከረ፣ ወደ ቀኝ ዘመም ብሎ ሞከረ። አራት ጅራት ነው የሚያየው። ወደዚህ መንደር ከመጣ ጀምሮ ግራ የገባው ያን ቀን ብቻ ነው።

«እንዴ!» አለ። «አይዞሩም?»

ልጆቹ ፊታቸውን ወደ ድንጋዩ ሲያደርጉ ደግሞ፣ ፊታቸው ወደ ውሃው ቢሆን የማያዩትን ነገር አዩ።

«እማዬ፣ ስንጥቅ!» አለ ትርፌ።

ጠባብ ናት፣ ከታች፣ አሸዋው ጋ። «ግቡ!» አለች ውድነሽ። ትርፌ ገባ። ዋሴ ገባ። ምጥን ገባች። ውድነሽ ራሷን አስገባች፣ ሆዷ ተያዘ። ከኋላዋ የእንግዳው አፍ ሲከፈት ውሃው ሳባት። እንግዳው መጠበቁ ሰልችቶት፣ ቢቧጥጠውም ይቧጥጠው ብሎ ነበር። ውድነሽ በኃይል ተወረወረች። የጎኗ ቅርፊት ድንጋዩ ላይ ተላጠ፣ የጅራቷ ጫፍ ተቆረጠ። ግን ገባች።

ስንጥቁ ውስጥ አራቱም ተጣብቀው ቆሙ። ውጭ እንግዳው ትንሽ ቆየ፣ ከዚያ ላባውን ሰብስቦ ወደ ሌላው ድንጋይ ሄደ። አልቸኮለም። መንደሩ ገና ብዙ ልጅ አለው።

«ምጥን። ዋሴ። ትርፌ።»

«አቤት እማዬ።»

ደግማ አልቆጠረችም። ገላቸው ገላዋን ነክቶ ነበር።

«እማዬ» አለች ምጥን፣ «ነገ ውሃ ሲመጣ እንዙር ወይስ አንዙር?»

ውድነሽ አሰበች። ጥያቄው የምትፈራው ጥያቄ ነበር። «እኔም በደንብ አላውቅም ልጄ» አለች። እንዲህ ብላቸው አታውቅም ነበር። «ባሕሩ ሲነቃነቅ እንዞራለን። ባሕሩ ረግቶ ሳለ ውሃ ቢነካሽ ግን፣ ከማን አፍ እንደመጣ ሳታዪ አትዙሪ። እኔም ብልሽ አትዙሪ።»

በነጋው ሲወጡ ባሕሩ ጸጥ ብሎ ነበር። እንግዳው በሩቅ ሲያልፍ ትንሽ ውሃ ወደ እነሱ መጣ፣ አራቱም ጅራታቸውን ሰጥተው ወደ ድንጋዩ ተጠጉ። አያ ሸርጣን ከቀዳዳው አያቸው። ሁለቱን እጆቹን ወደ ላይ አደረገ።

«ጉድ ነው! ውድነሽ፣ ያንቺ ልጆች ናቸው? ያ ሁሉ ሥርዓት የት ገባ? ስድ ወጡ እኮ!»

«ስድ ይሁኑ፣ አያ ሸርጣን» አለች ውድነሽ። አንገቷን አልደፋችም። «ስድ ሆነው ይኑሩልኝ።»

እትዬ ባፈና በሯ ላይ ቆማ ሰማች። የውድነሽን የተላጠ ጎንና የተቆረጠ ጅራት አየች፣ ሦስቱን ልጆች አየች፣ ከዚያ አጠገቧ ያለችውን አንዲት የቀረቻትን ልጅ አየች። ያን ዕለት ሲመሻሽ እንደ ወትሮው ወደ እንግዳው ሄደች። እናቶች ሁሉ ግንባራቸውን አሸዋው ላይ ደፉ። እንግዳው ላባውን ዘርግቶ ሊነፋ አፉን ክብ ሲያደርግ፣ እትዬ ባፈና ቀና አለች።

ከዚህ የምንማረው ለልጆቻችን ደህንነት ብለን ያስለመድናቸው ደንብ ለጠላት መግቢያ ሆኖ ስናገኘው፣ ጎረቤት ምን ይለናል ሳንል እኛው ቀድመን በፊታቸው መለወጥ እንዳለብን ነው።